ሦስት ዓመት ከድንጋይ ወፍጮና ከሜርኩሪ ጋር

ይህን የምጽፈው ወርቅ ያዘለ ድንጋይ ፈጭታችሁ በሜርኩሪ ለመለየት ላሰባችሁ ነው። አሁን እየሠራችሁ ላላችሁማ የበለጠ። እኔ ሦስት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ወርቅ አግኝቼበታለሁ፤ ጤናዬን ግን ለጥቂት ነው ያላጣሁት። ማንም አላስጠነቀቀኝም ብል እዋሻለሁ። «ሜርኩሪ መርዝ ነው፣ ተጠንቀቅ» ያሉኝ ነበሩ። ከምኑ እንደምጠነቀቅ፣ እንዴት እንደምጠነቀቅ ግን ቁጭ አድርጎ የነገረኝ አልነበረም። እኔ ቁጭ ብዬ ልንገራችሁ።

ሥራውን የጀመርነው ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው። ያለንን አዋጥተን አንድ ትንሽ ክሬሸርና አንድ ቦል ሚል ገዛን። ክሬሸሩ ድንጋዩን ጠጠር ያደርገዋል። ቦል ሚሉ የሚሽከረከር የብረት በርሜል ነው። ውስጡ የብረት ኳሶች አሉ። ጠጠሩ ሲገባ ኳሶቹ ከላይ እየወደቁ ይወቅጡታል፤ ዱቄት እስኪሆን። ወርቁ በነጩ ድንጋይ ውስጥ ተሰግስጎ ነው ያለው፤ አብዛኛው በዓይን አይታይም። ድንጋዩ ካልደቀቀ ወርቁን የሚለቅበት መንገድ የለም።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በደረቁ ፈጨን። አቧራው ቅንድባችን ላይ ነጭ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግን ልብ በሉልኝ። የነጭ ድንጋይ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ይተዋል፤ ያ ጠባሳ በመድኃኒት አይድንም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ በውሃ ፍጩ። ክሬሸሩም ላይ ውሃ ይረጭ። የሞተሩን ቺንጋ ደግሞ ሳትከልሉ አታስነሱ። የወንድሜን እጅጌ አንድ ቀን ይዞት ሸሚዙ ባይቀደድ ኖሮ እጁ አብሮ ይሄድ ነበር።

ስለ ሜርኩሪ የነገሩን በዕድሜ የገፉ፣ ብዙ ወፍጮ የተከሉ መካኒክ ናቸው። ወንድሜን «ልጄ፣ ምን አደከመህ? ሜርኩሪውን እዚያው ወፍጮው ውስጥ ጨምረው፤ እየፈጨ ይሰበስብልሃል» አሉት። በቅንነት ነው የነገሩን። እሳቸውም ሲሠሩ የኖሩት እንደዚያ ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ስህተታችን ግን ያ ነው።

ነገሩ ሲታሰብ ልክ ይመስላል። ሜርኩሪ፣ ወይም በድሮው ስሙ ባዜቃ፣ ፈሳሽ ብረት ነው። ከውሃ 13.5 እጥፍ ይከብዳል። ነጩ ድንጋይ የሚከብደው 2.65 እጥፍ ብቻ ስለሆነ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ወርቅ ግን 19.3 እጥፍ ይከብዳል፤ ይሰምጥና ሜርኩሪው ይለብሰዋል። ሁለቱ ተዋህደው ሊጥ የመሰለ ግራጫ ነገር ይሆናሉ፤ አማልጋም የሚባለው እሱ ነው። በጨርቅ ትጨምቁታላችሁ። ትርፉ ሜርኩሪ በጨርቁ ይወጣል፤ ግማሽ ያህሉ ወርቅ የሆነ ጠንካራ ኳስ እጃችሁ ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

እኔ ልማዴ መመዝገብ ነው። ማታ ማታ በደብተሬ ላይ ስንት ድንጋይ እንደፈጨን፣ ስንት ሜርኩሪ እንዳስገባንና ስንት እንደተመለሰልን እጽፍ ነበር። አንድ ኪሎ አስገብተን ሰባት መቶ ግራም፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው የሚመለሰው። የቀረው የት ሄደ? «ትንሽ መጥፋቱ ያለ ነው» ተባልኩ። አመንኩ።

አንድ ከሰዓት ግን ከወፍጮው የወጣውን ዝቃጭ በገበቴ አጠብኩትና በማጉያ መነጽር አየሁት። ጥቁሩ አሸዋ ዳር ላይ ግራጫ ብናኝ አለ። ጠጋ ብዬ ሳየው ብናኙ ሁሉ ድቡልቡል ነው። ከመርፌ ጫፍ ያነሱ የሜርኩሪ ጠብታዎች ናቸው። በጣቴ ገፋ አድርጌ ላገናኛቸው ሞከርኩ፤ አንዱ ከአንዱ አይጣበቅም። የብረት ኳሶቹ ሜርኩሪውንም አብረው ፈጭተውት ኖሯል። ከኩሽኔታው የሚንጠባጠበው ግራሶ ደግሞ እያንዳንዱን ጠብታ ለብሶታል። እንዲህ የደቀቀ ሜርኩሪ ተመልሶ አይሰበሰብም። ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ ሲሄድም የያዘውን ወርቅ ይዞ ነው። ወርቅ እንዲይዝልን ያስገባነው ነገር ወርቃችንን ወደ ዝቃጭ ኩሬ እያጓዘው ነበር።

ያን ቀን ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። መጠኑን ብቻ ቀነስኩ።

ሁለተኛው ስህተት ግን የባሰ ነው፤ ስጽፈው አሁንም ያመኛል። አማልጋሙን ሳገኝ ሜርኩሪውን በእሳት ማትነን ነበረብኝ። ሜርኩሪ በ357 ዲግሪ ገደማ ይፈላና ይተናል፤ ወርቁ ለመቅለጥ 1064 ዲግሪ ስለሚፈልግ ባለበት ይቀራል። ይህን የማደርገው በክፍት መጥበሻ ነው። የማደርገውም ቤት ውስጥ ነው። ለምን? ሌባ ፈርቼ። ውጭ ብሠራው ወርቅ እንዳለኝ የሚያይ ይኖራል ብዬ ነው። ስለዚህ ማታ በር ዘግቼ፣ መስኮት ዘግቼ፣ ሚስቴና ልጄ በሚተኙበት ቤት አቃጥለው ነበር።

ጓንት አደርግ ነበር እኮ! አደጋው መንካቱ መስሎኝ ነው። ፈሳሹን ሜርኩሪ መንካትም ጥሩ አይደለም፤ ዋናው መርዝ ግን እንፋሎቱ ነው። ከምንተነፍሰው የሜርኩሪ እንፋሎት 80 በመቶ ያህሉ በሳንባ በኩል ወደ ደም ይገባል። ከደም ደግሞ ወደ አንጎል። ቀለም የለውም፤ አይሸትም፤ አያስነጥስም፤ ዓይን አያቃጥልም። ሰው ከጭስ የሚሸሸው ጭሱ ስለሚያስጨንቀው ነው። ይህኛው ምንም አያስጨንቅም። አፍ ላይ ጨርቅ ማሰርም ሆነ የተራ አቧራ ማስክ ማድረግ እንፋሎቱን አያቆመውም።

የመጀመሪያው ምልክት እንቅልፍ ነው። እንቅልፍ አጣሁ። ቀጥሎ ግልፍተኛ ሆንኩ። በማይረባ ነገር ልጄ ላይ እጮህና ወዲያው ይጸጽተኛል። አፌ ውስጥ ሳንቲም የያዝኩ ይመስል የብረት ጣዕም አለ። ድዴ ሲያብጥ የጥርስ ነገር ነው አልኩ። የነገሩኝን ስረሳ ድካም ነው አልኩ። እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው ሲታይ ሰበብ አያጣም። አንድ ላይ አስቀምጬ ያላየኋቸው ለዚህ ነው።

ከዚያ የሚስቴ ቀለበት ነጣ። የጋብቻ ቀለበቷ ወርቅ ነው። አንድ ጠዋት ታጥባ ስትነሳ «ይሄ ምን ነካው?» ብላ አሳየችኝ። በአንድ ጎኑ ብር መስሏል። እሷ ወፍጮውም ጋ ሄዳ አታውቅም፤ ሜርኩሪ ነክታም አታውቅም። የምታጥበው ግን የሥራ ልብሴን ነው። በልብሴ ስፌትና ኪስ ውስጥ የተሸሸጉት ጠብታዎች ቀለበቷ ላይ ወጥተዋል። ወርቅ ሜርኩሪን ይስባልና ቀለበቱ ነገረን። ቀለበት ባታደርግ ኖሮ ማን ይነግረን ነበር?

በዚያው ሳምንት ወንድሜ የወሩን ሂሳብ ለማየት ደብተሬን ገለጠ። ዝም ብሎ ቆየና «ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ?» አለኝ። የመጀመሪያውን ዓመት ገጽ ከመጨረሻው ገጽ ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። የመጀመሪያው የኔ ጽሑፍ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የተረጋጋ። የመጨረሻው ጠባብና ጥርስ ጥርስ ያለው ነው። «ሐ» ብዬ የጻፍኩት ሦስቱ እግሮች እንደ መጋዝ ይንቀጠቀጣሉ። እጄ እንደሚንቀጠቀጥ አላውቅም ነበር። ቀስ በቀስ ስለመጣ ለምጄዋለሁ። በወረቀት ላይ ሳየው ግን መካድ አልቻልኩም። በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ።

ስለ ሐኪም ቤት አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ፤ ሥራችሁን ተናገሩ። መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም «ጭንቀት ነው፣ እረፉ» ብሎ መለሰኝ። አልፈርድበትም፤ ሥራዬን አልነገርኩትም። ስለ ወርቁ እንዲታወቅ አልፈለግኩም። ሁለተኛዋ ሐኪም ግን ከሁሉ በፊት «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ብዕሯን አስቀመጠችና «ቤት ውስጥ ነው የሚያቃጥሉት?» አለችኝ። መልሴን ስትሰማ የሽንት ምርመራ አዘዘች፤ ለኔም፣ ለሚስቴም፣ ለልጄም። ለእንፋሎት የሚሆነው ምርመራ የሽንት ነው። ደም የቅርብ ጊዜውን ያሳያል። የፀጉር ምርመራ ደግሞ ይበልጥ የሚያገለግለው በዓሣ በኩል ለሚገባው የሜርኩሪ ዓይነት ነው።

የኔ ውጤት በጣም ከፍ ያለ ነበር። የሚስቴም ከሚገባው በላይ ነበር። የልጄ ከኛ ያነሰ ቢሆንም አለ። ያን ወረቀት ይዤ ኮሪደሩ ላይ ስቆም የተሰማኝን በቃል ልገልጸው አልችልም። ሐኪሟ ያለችኝ የመጀመሪያው ሕክምና ከእንፋሎቱ መራቅ ነው። ሜርኩሪን ከሰውነት የሚያስወጣ መድኃኒት አለ፤ የሚሰጠው ግን በሐኪም ክትትል ነው። ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትሞክሩት። ሰው መጋለጡን ካቆመ ሰውነቱ ራሱ ቀስ እያለ ያስወጣዋል፤ ሰውነት ውስጥ ካለው ግማሹ ለመውጣት ሁለት ወር ያህል ይፈልጋል። ከአንጎል ግን ቶሎ አይወጣም። እንቅልፌ በሦስተኛው ወር ተመለሰ። እጄ ለመረጋጋት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ነው። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ከሆነ አንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ፤ እንፋሎቱ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ፅንሱን ይደርሰዋል።

እቤት በተኛሁባቸው ወራት ማንበብ ጀመርኩ። ይህ አሠራር አዲስ አለመሆኑ ገረመኝ። እ.ኤ.አ. በ1550ዎቹ ባርቶሎሜ ዴ ሜዲና የሚባል ሰው ሜክሲኮ ውስጥ የብር ድንጋይ አስፈጭቶ፣ ጭቃውን ከጨውና ከሜርኩሪ ጋር በሰፊ ግቢ አስረግጦ ብር ማውጣት ጀመረ። ለዚያ የሚሆነው ሜርኩሪ ከሚቆፈርባቸው አንዱ ፔሩ ውስጥ ያለው ሁዋንካቬሊካ ነው፤ ስንት ሰው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ታሞ አልቋል። ያኔ የነበረው በበቅሎ የሚጎተት የድንጋይ ወፍጮ ነው፤ የኔው በሞተር ይዞራል። የሜርኩሪው ጠባይ ግን ያው ነው።

ያነበብኩት ሌላው አገሮች ስለ ሜርኩሪ የገቡት የሚናማታ ስምምነት ነው። ስሙን ያገኘው ጃፓን ውስጥ ካለች ከተማ ነው። እዚያ ፋብሪካ ወደ ባሕር የለቀቀው ሜርኩሪ ዓሣ ውስጥ ገብቶ፣ ዓሣውን የበላውን ሕዝብ አሽመድምዷል፤ በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ጸድቆ በ2017 ሥራ ላይ ዋለ። በአነስተኛ የወርቅ ሥራ ውስጥ አገሮች ሊያስቀሯቸው የሚገቡ አራት የከፉ አሠራሮችን ይዘረዝራል። አንደኛ፣ ሜርኩሪን ሳይጣራ ካለ ድንጋይ ሁሉ ጋር መቀላቀል። ሁለተኛ፣ አማልጋምን በክፍት ማቃጠል። ሦስተኛ፣ መኖሪያ አካባቢ ማቃጠል። አራተኛ፣ ሜርኩሪ ያለበትን ዝቃጭ ሜርኩሪው ሳይወጣ በሲያናይድ ማከም። ሳነብ ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩ። ሦስቱን ሠርቻለሁ። አራተኛውን ልሠራ ነበር፤ ዝቃጫችሁን ሽጡልን፣ በሲያናይድ የቀረውን ወርቅ እናወጣለን ያሉን ሰዎች ነበሩ። ሲያናይድ ወርቁን እንደሚያሟሟ ሁሉ ሜርኩሪውንም ያሟሟዋል፤ ውሃ ውስጥ እንደ ልብ እንዲሄድ ያደርገዋል። አልሸጥንም። ክምሩ ዛሬም ከጎርፍና ከእንስሳ ተከልሎ፣ ተሸፍኖ እዚያው አለ።

ሥራውን ግን አልተውንም። እንጀራችን ነው። አሠራሩን ለወጥን።

ለጊዜው መሻገሪያ የሆነን ሪቶርት ነው። ክዳኑ በብሎን ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ትንሽ የብረት ድስት ነው። ከክዳኑ ቱቦ ወጥቶ ወደ ታች ይወርዳል። እንፋሎቱ በቱቦው ሲሄድ ይቀዘቅዝና ፈሳሽ ሜርኩሪ ሆኖ ይንጠባጠባል። ሜርኩሪውም አይባክንም፤ አየሩም በብዙ ይድናል። ሁለት ጥንቃቄ ልንገራችሁ። የቱቦው ጫፍ ከሥር ያለው ውሃ ውስጥ ጠልቆ እንዳይገባ፤ ድስቱ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስብና ሊፈነዳ ይችላል። ደግሞም ጨርሶ ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱት። ቸኩሎ የከፈተ ሰው የቀረውን እንፋሎት ፊቱ ላይ ነው የሚቀበለው። ይህን ሁሉ ከቤት ርቃችሁ፣ ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ነው። የወጣው ወርቅ ንጹሕ ቢመስልም ጥቂት ሜርኩሪ በውስጡ ይቀራል። ወርቁን ተቀብሎ የሚያቀልጠው ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ዋናው ለውጥ ግን ከወፍጮው በኋላ የመጣው ነው። ሜርኩሪን ከወፍጮው አወጣነው። ድንጋዩን መጀመሪያ ሸካራ አድርገን እንፈጫለን። አብዝታችሁ ስትፈጩ ወርቁ ራሱ ተጠፍጥፎ እንደ ቅጠል ይሳሳና ከውሃው ጋር ይንሳፈፋል፤ ይህን ሳናውቅ ስንት ወርቅ አስወስደናል። የተፈጨው ወለሉ ሸካራ ምንጣፍ በለበሰ ተዳፋት ገንዳ ላይ ይወርዳል። ከባዱ ምንጣፉ ላይ ይቀራል፤ ቀላሉ ያልፋል። ምንጣፉን ቶሎ ቶሎ እጠቡት፤ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ወርቅ በላዩ ይሻገራል። የቀረውን ከባድ አሸዋ ብቻ እንደገና እናደቀውና በገበቴ እናጠራዋለን። በርሜል ሙሉ ድንጋይ በመጨረሻ አንድ እፍኝ ጥቁር አሸዋ ይሆናል። አብዛኛው ጥቁር አሸዋ ብረት ስለሆነ ማግኔት ይለቅመዋል፤ ወርቅ ይዞ እንዳይሄድ ግን የተለቀመውን አራግፋችሁ ደጋግሙት።

የተረፈውን ቦራክስ ከሚባል ነጭ ዱቄት ጋር ቀላቅለን በማቅለጫው እናቀልጠዋለን። ቦራክስ ከወርቁ ጋር ያሉትን ሌሎች ማዕድናት በቀላሉ እንዲቀልጡ ያደርጋል፤ ጠርሙስ መስለው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ወርቁ ከታች ይሰበሰባል። ሲቀዘቅዝ ጠርሙሱን በመዶሻ ስትሰብሩት ቢጫዋ ፍሬ ትወጣለች። ለሁሉም ድንጋይ እኩል አይሠራም፤ ድኝ የበዛበት ድንጋይ ያስቸግራል። አሸዋው በደንብ ካልተጣራም አይሆንም። ትዕግሥት ይጠይቃል። ለኛ ድንጋይ ግን ሠርቷል፤ በደብተሬ መሠረት ከአንድ በርሜል የምናገኘው ወርቅ ከሜርኩሪው ዘመን አላነሰም፤ አንዳንድ ሳምንት እንዲያውም ይበልጣል።

ቤታችሁ ውስጥ ሜርኩሪ ፈስሶ ከሆነ በመጥረጊያ አትጥረጉት፤ በቫኪዩምም አትሳቡት፤ ሁለቱም ይበትኑታል። ሜርኩሪ ሳይሞቅም ቢሆን ይተናል። ልጆችን አስወጡ፤ መስኮት ክፈቱ። ጠብታዎቹን በደረቅ ወረቀት ገፍታችሁ ሰብስቡ፤ ትንንሾቹን በፕላስተር አንሱ። ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ ውስጥ ውሃ ጨምራችሁበት ዝጉት። ፍሳሽ ማስወገጃ ውስጥ አትድፉ። እኛ የምናቃጥልበትን ክፍል መጋረጃና ምንጣፍ አውጥተን አስወገድን፤ ወለሉንም ቀየርነው። የሥራ ልብስ አሁን ቤት አይገባም፤ እዚያው ወፍጮው ጋ ወልቆ እዚያው ይታጠባል።

ደብተሩን ዛሬም እጽፍበታለሁ። አንድ ዓምድ ጨምሬበታለሁ። በየወሩ መጀመሪያ አብረውን የሚሠሩት ሁሉ፣ ወንድሜም እኔም፣ በባዶ ገጽ ላይ ከመሃል ጀምሮ እየሰፋ የሚወጣ አንድ ጥምዝ መስመር እንስላለን፤ እጃችንን ጠረጴዛው ላይ ሳናስደግፍ። ካለፈው ወር ጎን እናስቀምጠዋለን። የማንም መስመር መጋዝ መምሰል ከጀመረ ያ ሰው በማግስቱ ሽንቱን ያስመረምራል። የኔ ከመሃል ሲነሳ ትንሽ ይንገዳገዳል፤ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ይስተካከላል።